ተያዥ ያለው ይቅረብ

የሥራ ማስታወቂያ የማንበብ ልማድ ያለው የአዲስ አበባ ሰው የማስታወቂያውን አወራረድ በቃሉ ያውቀዋል። የሥራ መደቡ ይቀድማል፤ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ደመወዝና የሥራ ቦታ ይከተላሉ። ከዚያ ከታች፣ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የምትል አጭር ሐረግ ትገኛለች። አዲስ ተመራቂ ከላይ የተዘረዘሩትን በዲግሪው ይመልሳል። ለመጨረሻይቱ ግን ዲግሪው መልስ የለውም። መልሱ ሌላ ሰው ነው፤ ቋሚ ሥራና ደመወዝ ያለው፣ «ይህ ልጅ አንዳች ቢያጎድል እኔ አለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው።

ከኮሌጅ ወጥቶ የመጀመሪያውን የድርጅት ሥራ መያዝ በየትም አገር ቀላል አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ ተመራቂውን ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንዱ «ምን ታውቃለህ?» ይላል፤ ሁለተኛው «የማን ነህ?» ይላል። ትምህርት ቤቶቻችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲደክሙ የኖሩት የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ሁለተኛውን በየዘመኑ ማን ይመልሰው እንደነበረ፣ ዛሬስ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ለማወቅ ታሪኩን ወደኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ደግሞ ኮልፌ ጥሩ መመልከቻ ነው። ኮልፌና ቀራንዮ በአንድ ክፍለ ከተማ ስም የተጣመሩት አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በዐሥር ክፍላተ ከተማ ስትዋቀር ነው። ሰፈሮቹ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማሉ። በምሥራቅ ከመርካቶ ጋር ይዋሰናሉ፤ በደቡብ ምዕራብ የጅማ መንገድ በአየር ጤና በኩል ከከተማ ይወጣል። ነዋሪው በአብዛኛው መርካቶ ውሎ የሚገባ ነጋዴ፣ ባለእጅ፣ ሸማኔ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ወታደርና ፖሊስ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ የውትድርና ሥልጠና የወሰደው በዚሁ በኮልፌ፣ በፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ነበር። ከደንብ ልብሱ በቀር የመንግሥት ደመወዝ የሚባለውን በቅርብ ያላየ ብዙ ቤተሰብ በኖረበት ሰፈር ውስጥ ዲግሪ ይዞ የሚመለስ ልጅ ለቤቱ የመጀመሪያው የቢሮ ሰው ነው። «የማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ የሚከብደውም ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ነው።

ደጅ

ከቢሮ በፊት ደጅ ነበረ። በቀድሞው ሥርዓት ሹመት፣ ርስት ወይም እንጀራ የፈለገ ሰው የጌታውን ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ ጥናት እንደ ዛሬው የስድብ ቃል አልነበረም፤ ሥርዓት ነበረው። ከጠዋት ጀምሮ መቆም፣ ጌታው ሲወጣ እጅ መንሣት፣ ሲገባ መሸኘት፣ ይህንንም ወር ከወር፣ አንዳንዴም ዓመት ከዓመት ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ጌታው ሰውየውን ያየዋል፤ አሽከሮቹም ያጠኑታል። «ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት» የሚለው አባባል ምርጫው በምን መንገድ እንደሚካሄድ ባይነግረንም መንገዱ ይህ ነበር። ደጅ የሚጠናው ሰው እውቀቱን ሳይሆን ማንነቱን እያስመረመረ ነው።

ከደጅ ጥናት ጋር ጎን ለጎን የኖረው ሌላው የመታመኛ መንገድ ዋስ ነው። የጥንቱ ሙግት ያለ ዋስ አይንቀሳቀስም ነበር። ከሳሽ ተከሳሹን «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ዋስ ያጣ ሰው በቁራኛ ይያዛል፤ የሁለቱ ሰዎች የነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩ ከበድ ሲልም በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ተያዥ የሚለውም ቃል ትርጉሙን በግልጽ ይናገራል፤ ዋናው ሰው ቢጠፋ በፈንታው የሚያዝ ማለት ነው። ስለዚህ ዋስ ማጣት ሰው ማጣት ነበር። ማንም የማይፈርምለት ሰው፣ ማንም የማያውቀው ሰው ነው።

ዘመናዊው ድርጅት ወደዚህ ሥርዓት መሐል ነው የመጣው። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ ኮንሴሲዮኑ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሾሙ። በዚያው ሰሞን በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጸሓፊ፣ አስተርጓሚና ሒሳብ ያዥ የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤት ሲወለድ ተማሪ የተባለውም አዲስ ዓይነት ሰው አብሮ ተወለደ። ሆኖም ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚቀበለው ያው የጥንቱ ደጅ ነበር።

የተማረ የተወደደበት ዘመን

ከጠላት ወረራ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሒሳብ አያያዝ፣ የጽሕፈት መኪናና የጽሕፈት ቤት ሥራ ማስተማር ያዘ። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ተቋቁሞ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ጥቂት ተማሪዎች ይዞ ተከፈተ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ።

በእነዚያ ዓመታት ተመራቂው ሥራ አልፈለገም፤ ሥራው ተመራቂውን ፈለገው። «የተማረ ይግደለኝ» የተባለበት ዘመን ነው። ከኮልፌ ብዙም ሳይርቅ በከተማዋ ምዕራብ በኩል የተከፈተው፣ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት በተሳተፈው እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ስም የተሰየመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆችን በአዳሪነት ያስተምር ነበር። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ዋሱ ትምህርት ቤቱ ነበር። በአንድ ክፍል የሚማሩት ጥቂት ናቸው፤ አስተማሪው እያንዳንዱን በስሙ ያውቀዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም አስተማሪውን ያውቀዋል።

ይሁንና ደጁ ጨርሶ አልተዘጋም። ከውጭ አገር ተምረው የሚመለሱት ወጣቶች ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርበው እጅ ይነሡ ነበር፤ የት እንደሚሠሩም ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከላይ ነው። ምሕንድስና የተማረ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሲመደብ፣ ሕግ የተማረ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ታይቷል። ደጅ ጥናቱ ካባውን አውልቆ ኮትና ክራቫት ለበሰ እንጂ አልጠፋም።

ይህን ለማስተካከል የተደረገው ሙከራ በ1950ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ሕግ ነው። የመንግሥትን ቅጥርና እድገት በደረጃና በፈተና የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የጡረታ አዋጅ ወጣ። ለአንድ የኮልፌ ነጋዴ ወይም ወታደር ልጁን ኮሌጅ ማስገባት ማለት ከዚያ በኋላ ሌላ ትርጉም አገኘ። ደመወዙ የወር ነው፤ ጡረታው የዕድሜ ልክ ነው። ወላጅ ሁሉ «የመንግሥት ሥራ» እያለ የሚመርቀው በከንቱ አልነበረም።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ግዴታ ተጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት፣ ማገልገል ነበረበት። ብዙ ተማሪ አጉረምርሟል። ነገር ግን በዚህች ዓመት ተማሪው የመጀመሪያ አለቃውን አየ፤ ፊርማ መፈረም፣ ሪፖርት መጻፍ፣ ከራሱ የተለየ ሰው ጋር መኖር ለመደ። ከኮሌጅ ወደ ሥራ የሚያሸጋግር፣ በሕግ የቆመ መለማመጃ ማለት ነው። በዛሬው አነጋገር «የአንድ ዓመት ልምድ» የሚባለው ነገር ያኔ ከዲግሪው ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር።

አምስት መቶ ብር

ባለዲግሪ ጀማሪ በወር 500 ብር የሚያገኝበት ዘመን በብዙ አንባቢ ቤት ይታወሳል። ከንጉሡ ዘመን ወደ ደርግ የተሻገረ ቁጥር ነው። ዶላር በይፋ በ2.07 ብር ሲመነዘር 500 ብር ወደ 240 ዶላር ይጠጋ ነበር። የጀማሪው ደመወዝ ቤት ተከራይቶ፣ ወንድምና እህት አስተምሮ፣ ለእናት ከወር ወር የሚቆረጥ ነበር። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ምንዛሪው ወደ 5 ብር ሲወጣ ግን ያው 500 ብር 100 ዶላር ሆነ።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ከኮሌጅ ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ ከሥሩ ተለወጠ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎችን ወደ ገጠር አዘመተ። በዚያው ወር ባንኮችና የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ። በጥር ደግሞ 72 የኢንዱስትሪ ኩባንያዎች ሙሉ በሙሉ ወደ መንግሥት ተዛወሩ። በ1968 ዓ.ም. ዐሥራ ሦስት የመድን ኩባንያዎች ተዋሕደው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆኑ። ቀጣሪው አንድ ብቻ ሆነ፤ መንግሥት። ቀይ ሽብር ደግሞ ከዚያ ትውልድ ለብዙዎቹ ተመራቂነትን ራሱን ነፈጋቸው።

ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሥራ የሚያገኘው በድልድል ነበር። ስሙ በዝርዝር ይወጣል፤ ከስሙ ትይዩ መሥሪያ ቤትና ክፍለ ሀገር ይጻፋል። ይህ የእኛ ብቻ ፈጠራ አልነበረም። በሶቪየት ኅብረት ተመራቂው ለሦስት ዓመት በተመደበበት የመሥራት ግዴታ ነበረበት፤ ቻይናም ተመራቂዎቿን እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ እንዲሁ ስትመድብ ኖራለች።

ስለ ድልድል ሲነሣ የመጀመሪያው ትዝታ ምሬት ነው። እጮኛሞች በሁለት ክፍለ ሀገር ይለያያሉ፤ የሙያ ምርጫ የለም፤ ደመወዙም ከዓመት ዓመት ቆሞ ይቀራል። ሆኖም ለኮልፌ ልጅ ድልድሉ አንድ ነገር አድርጎለታል። «የማን ነህ?» ብሎ አልጠየቀውም። የሚኒስትር ልጅም የሸማኔ ልጅም ስሙ በአንድ ወረቀት ላይ ይወጣ ነበር። ዋስ የሚያሻው ነገር ሲመጣም ዋሱ የቀበሌ መታወቂያና የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ቀበሌ ግን እንደ አስተማሪ ወይም እንደ ጎረቤት አይደለም። ሰውን የሚያውቀው በሚያጠፋው ጥፋት በኩል ነው፤ የድጋፉ ማኅተም የሚመታለትም የሚፈራበትም አንድ ጽሕፈት ቤት ነበር። መታመን ከሰው እጅ ወጥቶ ወደ ማኅተም ገባ።

የማስታወቂያ ሰሌዳ

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ድልድሉም አከተመ። ተመራቂው በአንድ ጊዜ ነፃ ሰውና ሥራ ፈላጊ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 84 ለኢትዮጵያውያን የግል ባንክ በር ከፈተ። በ1987 ዓ.ም. 486 ባለአክሲዮኖች 24.2 ሚሊዮን ብር ከፍለው ያቋቋሙት አዋሽ ባንክ ሥራ ሲጀምር ከ1967ቱ ውርስ በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ ነበር። ዳሸንና አቢሲንያ ተከተሉ፤ ቀጥሎም ወጋገን፣ ኅብረትና ንብ ተመሠረቱ። «የግል ድርጅት» የሚለው ቃል፣ ወላጆች በጥርጣሬ የሚያዩት ቃል፣ ቀስ በቀስ የተመራቂ ሁሉ ምኞት ሆነ።

በዚህ ጊዜ ነው የማስታወቂያ ሰሌዳ ባህል የተወለደው። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ በሳንቲም እየተከራየ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ወጣት ለብዙ ዓመት የከተማዋ ገጽታ ነበር። ዛሬ ጋዜጣው በቴሌግራም ተተክቷል፤ ድንጋዩም በስልክ። የሚነበበው ግን ያው ነው፤ አዲስ ተመራቂ ልምድ ይጠየቃል፣ ልምድ የሚሰጠው ደግሞ ሥራው ነው።

የተመራቂው ቁጥርም ከድሮው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ በዩኒቨርሲቲነት የሚታወቁት እንደ አዲስ አበባና ዓለማያ ያሉ በጣም ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ ይበልጣሉ። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ምን ታውቃለህ?» ለሚለው፣ ተጨማሪ ማጣሪያ ነው። አስተማሪው በስሙ የሚያውቀው ተመራቂ አነስተኛ ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ለተማሪው ዋስ መሆን የሚችልበት ዘመን በቁጥር ብዛት አልፏል።

ስለዚህ ድርጅቱ ሁለተኛውን ጥያቄ ራሱ መጠየቅ ጀመረ፤ መልሱንም ከጥንቱ ቦታ አመጣው። ተያዥ ተመልሶ መጣ። አሠሪውን መረዳት ይገባል። ለሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የገንዘብ ሳጥን ቁልፍ የሚያስረክብ ባንክ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚያስረክብ ኩባንያ መተማመኛ ቢሻ አይፈረድበትም። ችግሩ ተያዥ እንዴት ያለ ሰው መሆን እንዳለበት የሚወስነው ደንብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ የሚጻፍለት፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ ሠራተኛ ነው።

እስቲ ይህን ይዘን ወደ ኮልፌ እንመለስ። አባት መርካቶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በእምነት ነግደዋል፤ በቃላቸው ብቻ ዕቃ በዱቤ ይወስዳሉ። እናት የዕድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ጎረቤት ሁሉ ለልጁ ይመሰክራል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዳቸውም «የደመወዝ ማረጋገጫ» የላቸውም። ቦሌ ያደገው የክፍል ጓደኛው አጎቱ ባንክ ነው፤ አክስቱ አየር መንገድ ናት፤ ተያዥ ለማግኘት አንድ ስልክ ይበቃዋል። ሁለቱ ልጆች በአንድ ቀን ተመርቀው፣ በአንድ ፈተና አልፈው፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ይለያያሉ። ቢሮ የገባ ዘመድ ያለው በቀላሉ ይገባል፤ የሌለው የሩቅ ዘመድ ደጅ ይጠናል። ስለዚህ ደጅ ጥናቱ ከቀጣሪው ደጅ ወደ ተያዡ ደጅ ተዛወረ ማለት ነው።

ተያዡም ቢሆን በቀላሉ አይፈርም። የፈረመለት ልጅ ነገ ቢያጎድል ደመወዙ ይያዛል፤ ደግሞም ያቺን አንድ ዋስነት ለዚህ ልጅ ካዋላት ለገዛ ልጁ ስትፈለግ ሊያጣት ይችላል። በዚህ ምክንያት የቀረ ዝምድና፣ የተቀያየመ ጎረቤት በየሰፈሩ አለ።

ሕጉ ለዚህ ዐይኑን አልጨፈነም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ዋስትና ሲደነግግ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ውሉ እንደማይጸና ይናገራል፤ በጽሑፍ እንዲሆንም ያዛል። የሚፈርመው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሳያውቅ፣ የቀረበለትን ቅጽ ሳያነብ፣ በይሉኝታ ነው የሚፈርመው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ተያዥ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ያጽናናል፤ ያስተምራልም። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ባንኮች ጀማሪ ጸሓፊ ሲቀጥሩ ዋስ ይጠይቁ ነበር። የደኸየ ቤት ልጅ ዋስ አጥቶ ሥራ ያጣል፤ የፈረመ ዘመድም በሰው ጥፋት ይከስራል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1840 በለንደን አንድ ኩባንያ ተቋቁሞ ዋስነትን በክፍያ መሸጥ ጀመረ። ሠራተኛው ወይም አሠሪው በዓመት ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ሠራተኛው ቢያጎድል ኩባንያው ይክሳል። ዋስ ከዝምድና ወጥቶ መድን ሆነ።

ጃፓን ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። እዚያም አዲስ ተቀጣሪ ሰው ጠርቶ ማስፈረም የቆየ ልማድ ነው። ልማዱን አልሻሩትም፤ እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣ ሕግ ልክ አበጁለት። ጊዜው ካልተወሰነ ዋስትናው የሚጸናው ለሦስት ዓመት ነው፤ ቢወሰንም ከአምስት ዓመት አይበልጥም። ሠራተኛው ታማኝነት ቢጎድለው ወይም ኃላፊነቱ ቢለወጥ አሠሪው ለዋሱ ማስታወቅ አለበት፤ ዋሱም ከዚያ ወዲያ ላለው ጊዜ ውሉን ማፍረስ ይችላል።

እኛ ዘንድም መሣሪያው አለ። የመድን ኩባንያዎቻችን ሠራተኛ ገንዘብ ቢያጎድል አሠሪን የሚክስ መድን ይሸጣሉ። አሠሪው ግን ለዚህ መክፈል አለበት፤ ተያዥ ደግሞ ነፃ ነው። ነፃ የሚሆነው ለአሠሪው ብቻ ነው እንጂ ዋጋውን የሚከፍለው የተመራቂው ቤተሰብ ነው፤ በገንዘብ፣ በይሉኝታና በደጅ ጥናት።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ቀጣሪው አዲሱን ሠራተኛ አይቶ የሚወስንበት የሙከራ ጊዜ በሕግ ተሰጥቶታል። በ1985 ዓ.ም. አዋጅ 45 ቀን ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 60 የሥራ ቀን ሆኗል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኛውን ባለጡረታ አድርጎታል፤ ወላጆች የግል ሥራ የሚፈሩበት አንዱ ትልቅ ምክንያት በዚህ ተነሥቷል። የመጀመሪያውን ሥራ ከበው ይኖሩ ከነበሩት ሥጋቶች አብዛኞቹ በሕግ መልክ ይዘዋል። ሳይነካ የቀረው ያ የመጨረሻው መስመር ነው።

ዛሬ ከኮልፌ ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚሄድ ወጣት መንገዱ ከአባቱ ያጠረ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በልደታ በኩል ሜክሲኮ ያደርሰዋል። ከዚያ ጥቂት በእግሩ ቢሄድ ሰንጋ ተራ ነው፤ የባንኮቹ ረጃጅም ሕንፃዎች ከ1935ቱ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጋር ጎን ለጎን የቆሙበት ሰፈር። ትምህርት ቤቱና ቢሮው የሚለያዩት በአንድ ጎዳና ነው። ያንን ጎዳና ለመሻገር ግን እስከ ዛሬ ሰው ያስፈልጋል።

ሲሳካለት የመጀመሪያ ደመወዙን ለእናቱ ያስረክባል፤ ተመርቆ ጉልበት ይስማል። ብዙ ቤት ከዚያ በፊት የሚሄደው ወደ ተያዡ ቤት ነው፤ ቡና ይዞ፣ ስኳር ይዞ። ምስጋናው መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ በገዛ ውጤቱ ያገኘው ሥራ በሰው ችሮታ የተገኘ እንዲመስለው ማድረጉ አይቀርም።

የኮልፌ ሰው ዋስን ከባንክ አልተማረም፤ በዕቁብ ያውቀዋል። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ሆኖም የዕቁብ ዋስ የቀረውን ዕጣ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ዕቁቡ ሲያልቅ ዋስነቱም ያልቃል፤ ነጋዴም ይሁን ሸማኔ፣ ደመወዝ ያለውም የሌለውም፣ በሠፈሩ የታመነ ሁሉ ዋስ መሆን ይችላል። መጠኑ የታወቀ፣ ጊዜው የተቆረጠ፣ በሩ ለሁሉ የተከፈተ ዋስነት ማለት ነው። ጃፓን በሕግ የደረሰችበትን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በወረቀት የጻፈውን፣ የመርካቶና የኮልፌ ዕቁብተኛ በየሳምንቱ ሲሠራበት ኖሯል። ከሰንጋ ተራ ሕንፃዎች ውስጥ የቅጥር ቅጽ የሚያዘጋጀው ሰው፣ ምናልባትም እሱ ራሱ የዕቁብ ልጅ ነውና፣ ያን የመጨረሻ መስመር እንደገና ሲጽፍ ከዚህ ቢጀምር አይጎዳም።